እስክንድርያን ለመጎብኘት ሦስት ቀን ይበቃል

ካይሮ ያሉ አስጎብኚዎች እስክንድርያን የሚሸጡት በአንድ ቀን ነው። ማለዳ በሚኒባስ ጭነው ይወስዳሉ፤ አንድ ዓምድ፣ አንድ ምሽግና አንድ ሳህን ዓሣ አሳይተው ሲመሽ ይመልሳሉ። የቀኑን እኩሌታ አውራ ጎዳና ላይ ያሳለፈ ጎብኚ «ያን ያህል የሚወራላት አይደለችም» ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም።

ጥፋቱ ግን የከተማዋ አይደለም። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 የቆረቆራት እስክንድርያ እንደ ጊዛ ፒራሚዶች ከሩቅ አትታይም። ከፊሏ ዛሬ ሰው ከሚኖርባቸው ፎቆች ሥር፣ ከፊሏ ደግሞ በምሥራቁ ወደብ ውኃ ሥር ናት። ከመሬት በላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም በቅደም ተከተል ካልታየ እርስ በርሱ አይያያዝም። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዚህ በኩል ከሌላው ቱሪስት ይሻላል። ማርቆስን፣ አትናቴዎስን፣ ቄርሎስን፣ የባሕረ ሐሳቡን ድሜጥሮስን በስም እያወቀ ነው ከተማዋ የሚገባው። ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም እንኳ ለ1600 ዓመታት ያህል ጳጳስ ከዚህች መንበር ሲሾምላት የኖረች አገር ልጅ ነውና ስሞቹ እንግዳ አይሆኑበትም።

ይህ መመሪያ ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ፣ ከዓመት ጋር የተጻፉት ወርና ቀኖችም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የቀኑ ሰዓት ግን በእኛው ነው።

ከመነሣትዎ በፊት

ወቅቱን ይምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ካይሮ እንዳለች ወደ እስክንድርያ የምትፈልስ ይመስላል፤ የባሕሩ ዳርቻ በጃንጥላ ይሸፈናል፣ የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፣ ታክሲ ይጠፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ዝናቡና ማዕበሉ ይበረታል። ዓሣ አጥማጆቹ ባሕሩ የሚቆጣባቸውን ቀናት በየስማቸው ያውቋቸዋል፤ ኅዳር ሲገባ የሚመጣውን አውሎ «መክነሳ» ይሉታል፣ መጥረጊያ እንደማለት ነው። በእንዲህ ያለው ቀን ውኃው ኮርኒሽ የሚባለውን የባሕር ዳር መንገድ ግድግዳ እየዘለለ መኪናው ላይ ይወርዳል። እንግዲህ የሚመረጠው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ወይም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን ከአገሩ ሳይወጣ ይጨርስ። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ሕጉ ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ አይጎዳም።

ካይሮ ከደረሱ በኋላ ባቡር ይያዙ። ከራምሲስ ጣቢያ ተነሥቶ እስክንድርያ ለመድረስ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። መስመሩ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው በ1856 ሲሆን፣ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 61 ዓመት ቆይቶ ነው። ቲኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ይግዙ፤ በተለይ ሐሙስ ማታና አርብ ወንበር አይገኝም። ባቡሩ እስክንድርያ ውስጥ ሁለት ቦታ ይቆማል። መጀመሪያ ሲዲ ጋብር ላይ ሕዝቡ ግር ብሎ ሲወርድ አብረው እንዳይወርዱ። ለአሮጌው ከተማ የሚቀርበው የመጨረሻው፣ ምስር የሚባለው ጣቢያ ነው።

ማረፊያዎን ራምል ጣቢያና ሳዓድ ዘግሉል አደባባይ አካባቢ ቢያደርጉ ከሚታዩት ቦታዎች አብዛኞቹ በእግር ወይም በአጭር ታክሲ ይደረሳሉ። ሆቴሎቹ ባሕር የሚያሳይ ክፍል በውድ ያከራያሉ። እንቅልፍ የሚወድ ሰው ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል፤ ኮርኒሹ ላይ ጥሩንባ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። ባሕሩን በነጻ ለማየት መንገዱን መሻገር ይበቃል። ሲሻገሩ ግን በመኪናው መካከል አይግቡ፤ በየቦታው ለእግረኛ የተሠራ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አለ።

የከተማዋ ታክሲ ጥቁርና ቢጫ ነው፤ ዋጋውን ሳይገቡ ይነጋገሩ። ኡበርም ይሠራል። የከተማው ሰው «መሽሩዕ» የሚለው ሚኒባስ በጣም ርካሽ ነው፤ በኮርኒሹ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ለጀማሪም አያስቸግርም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የኖረው ትራም ዝነኛ ነው፣ ሆኖም የራምል መስመር በአዲስ እየተሠራ ስለሆነ ዕቅድዎን በእሱ ላይ አይመሥርቱ። የባንክ ካርድ ይያዙ፤ ብዙዎቹ የመንግሥት ቅርሶችና ሙዚየሞች የመግቢያ ክፍያ የሚቀበሉት በካርድ ብቻ ነው። የውጭ ዜጋ ከግብጻዊው በብዙ እጥፍ ስለሚከፍል የዓለም አቀፍ የተማሪ መታወቂያ ያለው እንዳይረሳው፤ ዋጋው በግማሽ ይቀንስለታል። የባሕር ኃይሉን ግቢና ፖሊሶችን ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም።

አንደኛ ቀን፦ ባሕሩን ይተዉት

በመጀመሪያው ቀን ጀርባዎን ለባሕሩ ሰጥተው ወደ ካርሙዝ ሰፈር ይሂዱ። ካርሙዝ የድሃ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ገበያው የታጨቀ ነው። ኮም አሽ-ሹቃፋ የሚባለው የዋሻ መቃብር ያለው እዚህ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ቢደርሱ ከካይሮ የሚመጡትን አውቶቡሶች ይቀድማሉ።

ቦታው የታወቀው በአህያ ነው። በ1900 አንዲት አህያ መሬቱ ከድቷት ጉድጓድ ስትገባ ከሥሯ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈለፈለ ባለ ሦስት ፎቅ መቃብር ተገኘ። ዛሬ ጎብኚው የሚወርደው በዋናው ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ 99 እርከን አለው። ሲወርዱ በመካከሉ ያለውን ሰፊ የጉድጓድ ቀዳዳ ልብ ይበሉ፤ አስከሬኑን በገመድ ያወርዱ የነበረው በዚያ ነው። ከታች ከዐለት የተጠረቡ የመደብ አልጋዎች ያሉበት አዳራሽ አለ። ቤተሰቡ ለሙታኑ መታሰቢያ መጥቶ የሚበላው የሚጠጣው እዚያ ጋደም ብሎ ነበር። የበሉበትን የሸክላ ዕቃ ይዘው ወደ ቤት መመለስ ስለማይፈልጉ እዚያው ይሰባብሩት ነበር ይባላል፤ የቦታው የዓረብኛ ስምም የገል ክምር ማለት ነው።

ዋናው መቃብር ፊት ሲደርሱ አይቸኩሉ። በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ጢማም እባቦች ተቀርጸዋል፤ ራሳቸው ላይ የፈርዖኖቹን ድርብ ዘውድ ደፍተዋል፣ ከጎናቸው የግሪኩን የሄርሜስን በትር ይዘዋል። አንገትዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ዞር ቢሉ ደግሞ የበሩን ውስጠኛ ግድግዳ የሚጠብቀውን አኑቢስን ያገኙታል፤ የውሻ ፊት ያለው ጥንታዊው የግብጽ የሙታን አምላክ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ፣ ጎራዴ ታጥቆ ቆሟል። ጠራቢው ግብጻዊ፣ ግሪካዊ ወይም ሮማዊ መሆኑን ከሥራው ለመለየት ይቸግራል። እስክንድርያን ለማስረዳት ብዙ መጽሐፍ ከሚያወራው ይልቅ ይህ አንድ ግድግዳ ያሳምናል። የታችኛው ክፍል ለብዙ ዘመን ውኃ ይተኛበት ነበር፤ ውኃውን መጥጦ የሚያወጣው ሥራ በ2019 ከተጠናቀቀ ወዲህ ቦታው ደርቋል። ቢሆንም እርጥበት አያጣውምና የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ቢሄዱ «የፖምፔይ ዓምድ» የሚባለውን ያገኛሉ። ስሙ ስሕተት ነው፤ ሮማዊው የጦር መሪ ፖምፔይ ከዓምዱ ጋር አይተዋወቅም። ከአስዋን ቀይ ግራናይት በአንድ ወጥ የተጠረበው ዓምድ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ 27 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቆመው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከተማዋ አምፃበት ለነበረው ለንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። አዎ፣ ያው ዲዮቅልጥያኖስ። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ዓመተ ሰማዕታት ብላ የምትቆጥረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ያፈረሰው ሰው ዓምድ ሳይነካ ቆሞ መቅረቱ ሳያስገርም አይቀርም። በዙሪያው የነበረው ሴራፒስ የተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ግን በ391 በሊቀ ጳጳሱ በቴዎፍሎስ ዘመን ፈርሷል።

ብዙ ሰው ዓምዱን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እርስዎ ወደ ምዕራብ በኩል ወደ ታች የሚያወርደውን ደረጃ ፈልገው ይግቡ። ከዐለቱ ውስጥ የተፈለፈለው ረጅም ኮሪደር በግድግዳው ላይ መደርደሪያ የሚመስሉ ጉድጓዶች አሉት፤ የታላቁ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ በዚህ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ እንደነበር የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከጥንቱ ቤተ መጻሕፍት ጋር የተያያዘ ስፍራ እረግጣለሁ የሚል ሰው ከዚህ የቀረበ አያገኝም።

ቀጥሎ ወደ ምስር ጣቢያ ይመለሱ፤ ኮም አድ-ዲካ ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ነው። በ1960 ኮረብታው ለግንባታ ሲጸዳ የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች የዕብነ በረድ ወንበር ያለው የሮማውያን ትንሽ ቴአትር አገኙበት። አስጎብኚዎች ጎብኚውን መሬቱ መካከል አቁመው ያናግሩታል፤ ድምፁ ጎልቶ ይመለስለታል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። የበለጠ የሚያስቆመው ግን ከቴአትሩ ጎን ያለው ነው። በአምስተኛውና በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ያገለገሉ ሃያ ያህል የመማሪያ ክፍሎች በተርታ ወጥተዋል። በየክፍሉ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ የድንጋይ መደብ አለ፤ በራሱ በኩል ደግሞ ከሌላው ከፍ ብሎ የመምህሩ ወንበር ይታያል። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው መምህሩ የት፣ ደቀ መዛሙርቱ የት እንደሚቀመጡ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በዚያው ዘመን ከእስክንድርያ ተነሥቶ አዱሊስ የደረሰ ነጋዴ ነበር፤ ኮስማስ ይባላል። ዓፄ ካሌብ የመንን ለመውጋት ሲዘጋጅ አዱሊስ ላይ የነበረውን የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ የገለበጠው እሱ ነው። ዙፋኑ ጠፍቷል፣ ግልባጩ ግን አለ። ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈ ሰው መሆኑ ትንሽ ያስቃል፤ የአክሱምን ታሪክ የሚጽፉ ምሁራን ግን እስከ ዛሬ ያለ እሱ አይሆንላቸውም። እዚያው ግቢ ውስጥ ወለሉ በወፎች ሞዛይክ ያጌጠው የሮማ ዘመን መኖሪያ ቤት ሌላ ቲኬት አለው፤ ይግዙት።

ከሰዓት በኋላ ጉልበት ከቀረዎት የግሪክና የሮማ ሙዚየምን ይጨምሩ። በ1892 ተቋቁሞ፣ ከ2005 ጀምሮ ለረጅም ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ በጥቅምት 2023 የተከፈተ ነው። ሁሉን አያለሁ አይበሉ። ጥቁሩን የአፒስ በሬ ፈልገው ይዩ፤ ጠዋት ካዩት ከሴራፒስ ቤተ መቅደስ የወጣ ነውና ሁለቱ ይያያዛሉ። ማታ ሳዓድ ዘግሉል አደባባይ አካባቢ በ1905 የተከፈተው ትሪያኖን ወይም በ1922 የተከፈተው ዴሊስ ውስጥ ቡና ይጠጡ። ቡናው ከአገር ቤቱ አይወዳደርም፣ ኬኩ ግን ያስመሰግናል። ዛሬ ለንደንና ኒውዮርክ የቆሙት ሁለቱ «የክሊዮፓትራ መርፌዎች» እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ የነበሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ሐውልት ተወስዶበት የኖረ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም።

ሁለተኛ ቀን፦ መንበረ ማርቆስ፣ የንጉሡ መቃብር፣ ምሽጉ

ይህ ቀን እሑድ ላይ ቢውል ጥሩ ነው። የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ከራምል ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ፓስፖርት ይያዙ፤ በሆሳዕና ዕለት ሚያዝያ 9 ቀን 2017 በር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰው ከሞተ ወዲህ ፍተሻው ጥብቅ ነው። ዘበኛው ከየት እንደመጡ ሲጠይቅ «ሐበሻ» ካሉት ፊቱ ይፈታል።

የሕንፃው ዕድሜ አያታልልዎ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1950ዎቹ እንደገና ተሠርቶ ኋላም የሰፋ ነው፤ ጥንታዊው ቦታው ነው። በትውፊቱ ወንጌላዊው ማርቆስ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መጥቶ ሰብኮ በሰማዕትነት ያረፈው በዚህች ከተማ ነው። የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ዐፅሙን ወስደው፣ ከፊሉ በ1968 ሲመለስ ያረፈው ካይሮ ነው፤ ራሱ ግን ከዚህ አልወጣም ብለው እስክንድርያውያን ያምናሉ። ከመቅደሱ ሥር ወዳለው የሊቃነ ጳጳሳት መቃብር እንዲያወርዱዎ ይጠይቁ። ሊቀ ጳጳሱ ራሳቸው ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ መቀመጫቸው ካይሮ ስለሆነ እዚህ አገኛቸዋለሁ ብለው እንዳይጠብቁ።

ቅዳሴው በዓረብኛና በቅብጥ ነው፤ «ኪርያላይሶን» ሲባል ግን የሰሙነ ሕማማትን ስግደት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይቀላቀላል። ሴቶችና ወንዶች በየወገናቸው ይቆማሉ፤ ነጠላ ያላት ሴት ሌላ መሸፈኛ አያስፈልጋትም። መቁረብ የሚፈልግ አስቀድሞ ካህኑን ያነጋግር። አትናቴዎስ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዚህች ከተማ ነው። ከ1600 ዓመታት ያህል በኋላ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በ1959፣ ማለትም በእኛ 1951 ዓ.ም.፣ ነበር። የቀን መቁጠሪያችንም ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። መስከረም 1 የእኛም የግብጾቹም የዓመት መጀመሪያ ነው፤ ከአውሮፓውያን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣውም አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ በሠራው ስሌት ነው።

ከቅዳሴ በኋላ በእግርዎ ወደ መንሺያ ሰፈር ወርደው የቅድስት ካተሪናን የካቶሊክ ካቴድራል ይጠይቁ። የቱሪስት መጻሕፍት ብዙም አያነሡትም። ለኢትዮጵያዊ ግን ከምሽጉ የማያንስ ነው። የኢጣሊያው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ የወሰደው ግንቦት 9 ቀን 1936 በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በዚያው በግንቦት 9፣ በ1946 ዙፋኑን ለቆ ከኔፕልስ በመርከብ ወደ እስክንድርያ ተሰደደ። በታኅሣሥ 1947 ሲሞት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመንበሩ በስተጀርባ ተቀበረ፤ ለሰባ ዓመት እዚያው ኖሮ በ2017 ማብቂያ ላይ ዐፅሙ ወደ ኢጣሊያ ተመለሰ። ያስጠጋው የግብጹ ንጉሥ ፋሩክም ብዙ አልቆየም። ሐምሌ 26 ቀን 1952 እዚሁ ከተማ ካለው ከራስ አት-ቲን ቤተ መንግሥት በመርከብ ተሰናብቶ ሲወጣ መድረሻው ኔፕልስ ነበረች።

ከዚህ ወደ ቃይትባይ ምሽግ ታክሲ ይያዙ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ መግቢያው ስለሚዘጋ ምሳውን ወደ ኋላ ይግፉት። ሱልጣን ቃይትባይ ምሽጉን በ1477 የጀመረው ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ በሆነው በፋሮስ መብራት ቤት ፍርስራሽ ላይ ነው። ከመቶ ሜትር በላይ ይረዝም የነበረው ፋሮስ ከ1500 ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቋል። በምሽጉ ግንብ ውስጥ አለቦታቸው የተሰኩ ቀይ የግራናይት ዓምዶች ካዩ ከዚያ ፍርስራሽ የተወሰዱ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ውስጡ ባዶ ክፍል ይበዛበታል፤ ቲኬቱ የሚያስቆጨው ሰው ግንቡን በውጭ በኩል ዞሮ ባሕሩን ቢያይ አይከስርም። በ1990ዎቹ ጠላቂዎች ከምሽጉ ግርጌ ባሕሩ ወለል ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የተጠረቡ ድንጋዮችና ሐውልቶች አግኝተዋል፤ ከወጡት አንዱ፣ የንጉሥ ፕቶሎሚ ግዙፍ ሐውልት፣ በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆሟል።

አሁን ምሳ። ከምሽጉ ጀርባ ባለው ባሕሪ ሰፈር ዓሣ ቤቶቹ በተርታ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በረዶ ላይ ከተደረደረው ዓሣ ራስዎ ይመርጣሉ፣ ይመዘናል፣ ከዚያ እንዴት እንዲሠራልዎ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ስንጥቡን ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ቡኒ ከሆነ ሌላ ይምረጡ። ዋጋው የኪሎው ይሁን ከማብሰያው ጋር አስቀድመው ይለዩ፤ ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። «ራዳ» ካሉ ዓሣው በስንዴ ፉርሽካ ተለውሶ ፍም ላይ ይጠበሳል፤ ቅርፊቱ ጠቁሮ ሲመጣ አይደንግጡ፣ ሲላጥ ከሥሩ ነጭና ውኃ ያዘለ ሥጋ ይወጣል። «ሲንጋሪ» ደግሞ በጀርባው ተሰንጥቆ በቲማቲምና በቃሪያ የሚጋገረው ነው። በሽንኩርት ቡናማ የሆነ ሩዝና ጠሒና አብሮ ይቀርባል። የሚጾም ሰው «ሲያሚ» ብሎ ይጠይቅ፤ ፉል፣ ጣዕሚያና ኮሸሪ በየመንገዱ አለ። ግብጻውያኑ በአንዳንድ አጽዋማት ዓሣ ስለሚበሉ ግን ሲያሚ የተባለው ሁሉ ዓሣ የለበትም ማለት አይደለም።

ከምሳ በኋላ የአቡል-ዓባስ አል-ሙርሲ መስጊድ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከስፔን ሙርሲያ የመጡት ሱፊ ሼኽ ያረፉበት ሲሆን፣ የዛሬውን ሕንፃ የነደፈው ኢጣሊያዊው ማሪዮ ሮሲ ነው። ከጎኑ ያለችውን ትንሿን የአል-ቡሲሪ መስጊድ ብዙ ጎብኚ ሳያያት ያልፋል። በየአገሩ በመውሊድ የሚነበበውን ቡርዳን የገጠመው አል-ቡሲሪ እዚህ ነው የተቀበረው፤ ቡርዳ እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ከትልቁ መስጊድ ይልቅ ይቺ ትበልጥበት ይሆናል። በሶላት ሰዓት ለጉብኝት አይግቡ፤ ጫማ ይወለቃል፣ ሴቶች ፀጉር ይሸፍናሉ።

ሦስተኛ ቀን፦ ከሁለት አንዱን

በመጨረሻው ቀን ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ልጆች ይዘው ከሆነ አዲሱን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ይምረጡ። በ2002 የተከፈተው ሕንፃ 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሆኖ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ነው። መጀመሪያ በጀርባው በኩል ዞረው የግራናይቱን ግድግዳ ይዩ፤ ከ120 ያህል የዓለም የጽሕፈት ዓይነቶች የተወሰዱ ፊደላት ተቀርጸውበታል። ልጆቹን ፊደል አደን ቢያሰማሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆዩልዎታል። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል። ውስጡ ያለው የቅርስ ሙዚየም ትንሽ ቢሆንም ለሕንፃው መሠረት ሲቆፈር የተገኘው የውሻ ሞዛይክ አለው። ውሻው የደፋው ማሰሮ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጥፋቱን ያወቀ መስሎ ያያል፤ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ሥራ መሆኑን ለማመን ያስቸግራል። አርብና በዓል ቀን ሰዓቱ ስለሚያጥር አስቀድመው ያጣሩ። ከዚያ በመሽሩዕ ወደ ምሥራቅ እስከ ሙንተዛ የአትክልት ግቢ መሄድ ይቻላል፤ ቤተ መንግሥቱ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው መንገድ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አቡ ሚና ነው። እኛ ኅዳር 15 የምናከብረው ቅዱስ ሚናስ የተቀበረበት ቦታ በአምስተኛውና በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ከየአገሩ የሚጎርፍበት የጸበል ከተማ ነበር። ተሳላሚው ይዞ የሚመለስባቸው፣ ሁለት ግመል ተንበርክኮ የሚታይባቸው ትንንሽ የሸክላ ብልቃጦች እስከ አውሮፓ ድረስ ተገኝተዋል። ዩኔስኮ ቦታውን በ1979 መዘገበው፤ በአካባቢው የተስፋፋው መስኖ የከርሰ ምድሩን ውኃ አስነሥቶ መሠረቱን ስላናጋው በ2001 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ ነበር፤ ውኃው ተቀንሶ በ2025 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል። ፍርስራሹ ላይ ጥላ የለም፤ ኮፍያና ውኃ ይያዙ።

አጠገቡ ያለው የማር ሚና ገዳም አዲስ ነው። የመሠረቱት በ1959 ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ቄርሎስ 6ኛ ናቸው፤ በዚያው ዓመት አቡነ ባስልዮስን ፓትርያርክ አድርገው የሾሙትም እሳቸው ናቸው። ዐፅማቸው ያረፈው በገዳሙ ነው፤ ምእመናን የራሳቸውን ስም ወረቀት ላይ እየጻፉ መቃብሩ ላይ ያኖራሉ። ከነጠላዋ ጋር የመጣች ሴት ከየት እንደመጣች መጠየቋ አይቀርም፤ ከተጠየቀች በኋላ ሻይ ሳትጠጣ መውጣት ይከብዳታል።

በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ አድካሚ ስለሆነ ለግማሽ ቀን ታክሲ ይኮናተሩ፤ የመጠበቂያውን ዋጋ አብረው ይቁረጡ። በአጽዋማት ጊዜ ገዳማት ለጎብኚ የሚዘጉበት ቀን ስለሚኖር ካቴድራሉ ውስጥ በዋዜማው ቀን ጠይቀው ይሂዱ። ጉዞውን ከቦርግ አል-ዓረብ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀጥል ሰው ሻንጣውን ይዞ ይውጣ፤ ገዳሙ ወደዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ከተማ መመለስ አያስፈልገውም።